ሁለተኛው ሞኒተር ለምን አይታይም?

በዚህ ወር አራት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ሰብስቤያለሁ። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕና ሁለተኛ ሞኒተር። ትእዛዞችንና የሜኑ ስሞችን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል መሆኑን አትርሱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምኖር የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድም አለው። ዊንዶውስ ላይ ሞኒተር በኤችዲኤምአይ ስሰካ ያለ ችግር ይሠራል። ጎን ለጎን ኡቡንቱ 24.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩ። እዚያ ስገባ ግን ሞኒተሩ «ኖ ሲግናል» ብሎ ይጨልማል። ሴቲንግ ውስጥም የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ ነው ያለው። ሦስት ኬብል ቀይሬያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ትእዛዝ ሁሉ ሞክሬ አሁን የትኛው ምን እንደቀየረ እንኳ አላውቅም። ኡቡንቱን አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?

መልስ፦ አታጥፋው ወንድሜ። የችግሩን ቦታ ሳታውቅ እንደገና ብትጭነው ያው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ኬብል መግዛቱንም አቁም። በዚያው ኬብል፣ በዚያው ቀዳዳ፣ በዚያው ሞኒተር ዊንዶውስ ላይ ሠርቷል ብለሃል። ስለዚህ ዕቃው ደህና ነው። የተበላሸው ነገር ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው፤ ይሄን ማወቅህ ብቻ ግማሹን ድካም ይቀንስልሃል።

አንድ ነገር ላስረዳህ። ሞኒተር ስትሰካ መጀመሪያ የሚገናኘው ከሴቲንግ ጋር አይደለም፤ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ነው። በኬብሉ በኩል «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። ከዚያ ካርዱ መታወቂያውን ያነብበታል፦ ማን እንደሠራው፣ ስንት በስንት እንደሚያሳይ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ። ይህ መታወቂያ ኢዲድ ይባላል፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ካርዱ ያነበበውን ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) ይነግራል፣ ከርነሉ ለዴስክቶፑ ይነግራል፣ ሴቲንግ ውስጥ የምታየው መጨረሻ ላይ የደረሰውን ወሬ ነው። ስለዚህ ሴቲንጉን መነካካት ወሬው መንገድ ላይ የት እንደቀረ አይነግርህም።

ወሬው የት እንደቀረ ላፕቶፑን ራሱን ጠይቀው። ትእዛዝም አያስፈልግህም። ፋይል ማኔጀሩን ክፈት፣ «አዘር ሎኬሽንስ» ግባ፣ ኮምፒውተሩን ምረጥ፣ ከዚያ «ሲስ» የሚለውን ፎልደር፣ ውስጡ «ክላስ»፣ ውስጡ «ዲአርኤም» ክፈት። እዚያ ለእያንዳንዱ የስክሪን ቀዳዳ የራሱ ፎልደር አለው፤ ስሙ በካርዱ ቁጥር ይጀምርና ኢዲፒ ወይም ኤችዲኤምአይ ወይም ዲፒ እያለ ይቀጥላል። ኢዲፒ የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ነው። ሞኒተሩን ሰክተህ የኤችዲኤምአዩን ፎልደር ክፈትና «ስታተስ» የሚለውን ፋይል አንብብ። የምታገኘው ከሦስት አንዱ ነው።

«ኮኔክትድ» የሚል ከሆነ ከርነሉ ሞኒተሩን አይቶታል፤ የቀረው ዴስክቶፑ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ» የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጫን፤ «የላፕቶፑ ስክሪን ብቻ» የሚለው ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ካልሆነም ስትገባ ፓስወርድ ከመጻፍህ በፊት ከታች ጥግ ላይ ያለችውን የጥርሳማ ጎማ (የጊር) ምልክት ነክተህ ከዌይላንድ ወደ ኤክስኦርግ ቀይረህ ሞክር፤ ሁለቱም ዴስክቶፑን ስክሪን ላይ የማሳየት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። 24.04 ላይ ሁለቱም አሉ።

«ዲስኮኔክትድ» የሚል ከሆነ ተጠንቀቅ። ሌላ ሰው ቢሆን ኬብሉን ተጠራጠር እለው ነበር። አንተ ግን ሁለት ካርድ አለህ፦ ኢንቴሉ ፕሮሰሰር ውስጥ ያለውና ኤንቪዲያው፤ የኢንቴሉ ካርድ የትም ያልተገናኘ የኤችዲኤምአይ ፎልደር ሊያሳይህ ይችላል። ትክክለኛው ቀዳዳ በኤንቪዲያው ስም መምጣት ነበረበት፣ አልመጣም ማለት ነው።

ፎልደሩ ጭራሽ ከሌለስ? የቀዳዳው ባለቤት የሆነው ካርድ ሥራ አልጀመረም። ካንተ ታሪክ ተነስቼ የምገምተው ይሄንን ነው፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

እንዳንተ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የላፕቶፑ ስክሪን የተገናኘው ከኢንቴሉ ጋር ሲሆን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ግን በቀጥታ ከኤንቪዲያው ጋር ነው። ኤንቪዲያው ተኝቶም የላፕቶፑ ስክሪን ምንም አይሆንም፤ ቀዳዳው ግን አብሮ ይሞታል። ለዚህ ነው ሰው «ግራፊክሱ እኮ ይሠራል» ብሎ ቀን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲፈልግ የሚውለው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና ኤንቪዲያ፣ ጭረት (-)፣ ኤስኤምአይ ብለህ ያለ ክፍት ቦታ ጻፍ። ሰንጠረዥ ካወጣልህ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ነቅቷል። «ትእዛዙ የለም» ወይም «ከድራይቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም» ካለህ ችግሩን ያዝከው።

ከዚህ በኋላ የምታየው ሦስት ቦታ ነው፤ በዚህ ቅደም ተከተል እንድትሄድ እመክርሃለሁ።

የመጀመሪያው «ኖሞድሴት» የምትል ቃል ናት። ኡቡንቱን ስትጭን ስክሪኑ ጠቁሮብህ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን መርጠህ ከነበረ ይህቺ ቃል ከተጫነው ሲስተም ጋር አብራ ልትቀር ትችላለች። ሥራዋ ከርነሉ ግራፊክስ ካርዶቹን በወጉ እንዳይቆጣጠር መከልከል ነው። ለመጫን ትጠቅማለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለተኛ ሞኒተር የሚባል ነገር አታሳይህም። መኖሯን ለማወቅ ቅድም «ሲስ»ን ካገኘህበት ቦታ ላይ «ፕሮክ» የሚለውን ፎልደር ክፈትና ውስጡ «ሲኤምዲላይን» የሚለውን ፋይል አንብብ። እዚያ ካለች «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» ውስጥ ያለውን የግረብ (የሲስተሙ አስነሺ) ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከፍተህ ቃሏን ብቻ አጥፋ፣ ሴቭ አድርግ፣ ከዚያ ተርሚናል ላይ ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ አፕዴት ጭረት ግረብ ብለህ ሪስታርት አድርግ። ይቺን አንድ ቃል በማጥፋት ብቻ ሞኒተራቸው የበራላቸው ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ድራይቨሩ ራሱ ነው። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚል ፕሮግራም አለ፤ ፈልገህ ክፈተው። ላንተ ካርድ የሚሆኑትን ይዘረዝራል። «ቴስትድ» የሚል የተጻፈበትን ምረጥና አፕላይ በል። የሚወርደው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነውና በሞባይል ዳታ ከሆነ ፓኬጅህን አስቀድመህ እይ። ባትሪውም ሙሉ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ መሀል ላይ ከተዘጋ ግማሽ የተጫነ ድራይቨር ማስተካከል ከመጀመሪያው ችግር ይብሳል። አደራ፣ ድራይቨሩን ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ በቀጥታ አውርደህ አትጫን። በዚያ መንገድ የገባ ድራይቨር የኡቡንቱ ማሻሻያ ሲመጣ አብሮ ስለማይታደስ፣ አንድ ቀን ከርነሉ ሲቀየር ዛሬ የሠራልህ ነገ ይቆማል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነው፤ ሴኪዩር ቡት። ይህ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር) ውስጥ ያለ ጥበቃ ፊርማው ያልታወቀ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ እንዲገባ አይፈቅድም። አንዳንድ ድራይቨሮች ተፈርመው ስለሚመጡ ምንም አይጠይቁህም። ሌሎቹ ግን እዚያው ያንተ ኮምፒውተር ላይ ይሠሩና ፊርማቸውን አንተ እንድታጸድቅ ይፈለጋል። በመጫን ላይ እያለህ አንድ ፓስወርድ አውጣ ይልሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ እንድትጫን ለጥቂት ሰከንድ ይጠብቅሃል። እዚያ ላይ «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጠህ፣ ኮንቲኒው ብለህ፣ የስ ብለህ፣ ያወጣኸውን ፓስወርድ ጽፈህ መውጣት አለብህ። ሰው ግን ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጎ ቡና ሊጠጣ ይነሳል፣ ወይም ሰማያዊውን ሲያይ ተበላሸ ብሎ ደንግጦ «ኮንቲኒው ቡት» ይላል። ኡቡንቱ በሰላም ይከፈታል። ምንም ስሕተት አይታይም። ድራይቨሩ ግን በር ላይ ቀርቷል፣ ቀዳዳውም ከእሱ ጋር።

አንተም እንዲህ ካለፈህ ጥያቄውን እንደገና ማስነሳት ይቻላል። ተርሚናል ላይ ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ አፕዴት ጭረት ሴኪዩርቡት ጭረት ፖሊሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ጭረት አከታትለህ ኤንሮል ጭረት ኪ ብለህ ጻፍ። ፓስወርድ አውጣ፣ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ ሪስታርት አድርግና ከላፕቶፑ ፊት አትነሳ። ሴኪዩር ቡትን ባዮስ ገብተህ ማጥፋትም ይቻላል፤ ብዙ ሰው የሚመክርህም ያንን ነው። እኔ ግን ዊንዶውስ ጎን ለጎን ስላለህ ቶሎ አልመክርህም። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (በራሱ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ የማስከፈቻ ቁልፉን ሊጠይቅህ ይችላል። ያገለገለ ላፕቶፕ ስለሆነ ደግሞ ቁልፉ ካንተ ጋር ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ፋይልህ ሁሉ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። መጀመሪያ ያንን አረጋግጥ።

ድራይቨሩ ተጭኖም ሞኒተሩ ካልመጣ የኤንቪዲያ ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይም ፕሮፋይልስ» የሚለውን ተመልከት። ባትሪ ለመቆጠብ ተብሎ ኢንቴል ላይ ብቻ ከተደረገ ኤንቪዲያው ይጠፋል። «ኦን ዲማንድ» አድርገውና ሪስታርት አድርግ። ከኢንተርኔት ስለቀዳሃቸው ትእዛዞች ደግሞ፦ «ኢቲሲ» ውስጥ «ኤክስ11» ውስጥ ኤክስኦርግ ኮንፍ የሚባል ፋይል ካገኘህ ከመካከላቸው አንዱ የፈጠረው ሳይሆን አይቀርም። ኡቡንቱ ሲጫን ይህን ፋይል ይዞ አይመጣም። አትሰርዘው፤ ስሙን ብቻ ቀይረው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው፤ መምህር ነኝ፣ ጡረታዬ ተቃርቧል። ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት አለ። ትምህርት ቤታችን ያሉት ሞኒተሮች አሮጌ ናቸው፤ ቪጂኤ ብቻ ነው ያላቸው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ዕቃ ገዛሁ፤ የመጀመሪያው ጭራሽ አልሠራም። ሁለተኛው ሠራ፣ ግን ጽሑፉ ደብዛዛ ነው፤ ምርጫው ከ1024 በ768 አያልፍም። ተማሪዎቼ ከኋላ ሆነው ማንበብ አልቻሉም።

መልስ፦ መምህር፣ ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን። ሁለቱም ችግሮች የሊኑክስ አይደሉም ብዬ ልጀምር።

ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ። በመካከላቸው ያለው ዕቃ ሽቦ የሚያገናኝ ብቻ ሳይሆን ሲግናሉን የሚተረጉም ቺፕ ያለበት ነው፤ የሚተረጉመውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ከዚህኛው ጋር በመልክ በጣም ይመሳሰላል። ሻጮችም ይሳሳታሉ፤ እኔም ከአንድ ሱቅ የተሳሳተውን ይዤ ተመልሼ አውቃለሁ። መለያው ይሄ ነው፦ እርስዎ የሚፈልጉት ወደ ላፕቶፑ የሚገባው ጫፍ የኤችዲኤምአይ ወንዴ፣ ሌላው ጫፍ የቪጂኤ ሴቴ የሆነውን ነው። የመጀመሪያው ትክክለኛው ዓይነት ከነበረ ደግሞ ኃይል አንሶት ይሆናል። ጎኑ ላይ ትንሽ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው የስልክ ቻርጀር ገመድ ሰክተው ከላፕቶፑ ኃይል ይስጡትና ይሞክሩት።

አሁን ወደ ድብዛዛው። ለአዳማው ተማሪ ስለ ሞኒተር መታወቂያ ተናግሬያለሁ። ቪጂኤ ላይ ያ መታወቂያ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። የቪጂኤ ወንዴ ጫፍ 15 ፒን አለው፣ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት፤ ሁለቱ የምነግርዎት ፒኖች ያሉት በጠባቡ ጎን ባለው ረድፍ ላይ ነው። ርካሽ ኬብሎች እነዚህን ይተዋሉ፣ ወይም ውስጡ ሽቦ አይቀጥሉባቸውም፣ አንዳንዴም ፒኑ ተጣሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ምስሉ ይተላለፋል፤ ላፕቶፑ ግን የሞኒተሩን ማንነት ስለማያውቅ አደጋ የሌለውን 1024 በ768 ይመርጣል። መካከለኛው ረድፍ ላይ ያለው 9ኛው ፒን ባይኖር ግን አይደንግጡ፤ ብዙ ደህና ኬብሎችም የላቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሌላ ሞኒተር ኬብል ተውሰው ይሞክሩ። በተለይ ከሞኒተሩ ጋር አብሮ የመጣ ኬብል ከተገኘ እሱን። በአብዛኛው እዚህ ላይ ነገሩ ያልቃል።

ሌላ ኬብል ካልተገኘ መጠኑን በእጅ መንገር ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሞኒተሩ በተፈጥሮው ስንት እንደሆነ ይወቁ። ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጉት ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች ጠፍጣፋ ሞኒተሮች በአብዛኛው 1280 በ1024 ናቸው። ይህን ካወቁ ተርሚናል ላይ ሲቪቲ ብለው ሁለቱን ቁጥሮችና 60ን በክፍት ቦታ ለይተው ይጻፉ፤ «ሞድላይን» የሚል ረጅም መስመር ያወጣልዎታል። ያንን መስመር ኤክስራንድአር በሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ «ኒውሞድ» ብለው ያስመዘግቡታል፣ ቀጥሎ «አድሞድ» ብለው ለዚያ ቀዳዳ ይሰጡታል። ከዚያ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ እንደ ማንኛውም ምርጫ ይመጣል። ሚንት ላይ ይህ የሚሠራው ሲናመን የሚባለው ዴስክቶፕ እስካሁን በኤክስኦርግ ስለሚከፈት ነው፤ ዌይላንድ ላይ ይህ መንገድ አያስኬድም። ላፕቶፑ ሲጠፋ ስለሚረሳውም ክፍል ከመግባትዎ በፊት መድገም ይኖርብዎታል። «አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለ መጠኑ ለሞኒተሩ በዝቷል ማለት ነውና ዝቅ ያድርጉት። እስከዚያው ግን ለተማሪዎችዎ ሲሉ የጽሑፉን መጠን ያሳድጉላቸው፤ ያ ዛሬውኑ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከቤት ነው የምሠራው። መሥሪያ ቤቴ ሁለት ሞኒተር የሚሰካበት የዩኤስቢ ሲ ዶክ ሰጥቶኛል። በመሥሪያ ቤቱ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ሁለቱም ሞኒተሮች ይሠራሉ። የራሴን ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ያለበትን ላፕቶፕ በዚያው ዶክ ስሰካ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ማውሱ ይሠራል፣ ኔትወርኩም ይሠራል። ሞኒተሮቹ ግን ጥቁር ናቸው። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ጥያቄው ውስጥ ጽፈሽዋል። ኪቦርድ እየሠራ ስክሪን ብቻ ከቀረ ዶኩ የዲስፕሌይሊንክ ቺፕ ያለበት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ዓይነት ዶክ አለ። አንደኛው የግራፊክስ ካርዱን ምስል እንዳለ በዩኤስቢ ሲ በኩል አሳልፎ ለሞኒተሩ ያደርሳል። እሱ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። ሁለተኛው፣ ዲስፕሌይሊንክ፣ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ አጭቆ እንደ ተራ የዩኤስቢ ዳታ ይልካል፣ ዶኩ ውስጥ ያለው ቺፕ ደግሞ ይፈታዋል። ይህን የሚያጭቅ ሶፍትዌር ላፕቶፑ ላይ መኖር አለበት። የመሥሪያ ቤትሽ ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ያንቺ ላይ የለም።

ለማረጋገጥ ተርሚናል ላይ ኤልኤስዩኤስቢ ብለሽ ጻፊ። ከሚዘረዘሩት ውስጥ ዲስፕሌይሊንክ የሚል ስም ካለ ነገሩ ተፈታ። ይህን ቺፕ የሚሠራው ሲናፕቲክስ ለኡቡንቱ ድራይቨር ያዘጋጃል። ለፌዶራ ደግሞ ከዚያው ተነስተው በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት አርፒኤም (የፌዶራ መጫኛ ፋይል) አለ። አብሮት ኢቪዲአይ የሚባል የከርነል ክፍል ይጫናል። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ከላይ የነገርኩት የፊርማ ነገር እዚህም ይመጣልና ሰማያዊውን ስክሪን ጠብቂው። ከርነል በተሻሻለ ቁጥር ሞኒተሮቹ ለጊዜው ሊጠፉ እንደሚችሉም እወቂ፤ ያኔ አዲሱ የድራይቨር እትም እስኪደርስ በቀድሞው ከርነል መክፈት ይቻላል።

ዝርዝሩ ውስጥ ዲስፕሌይሊንክ ከሌለ ግን የላፕቶፕሽን ቀዳዳ ተመልከቺ። ዩኤስቢ ሲ የሆነ ሁሉ ምስል አያወጣም። አጠገቡ የመብረቅ ምልክት ወይም ዲ እና ፒ ፊደል የተያያዙበት ምልክት ካለ ያወጣል። ዳታና ቻርጅ ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ ምንም ድራይቨር አይለውጠውም። ላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ካለው አንዱን ሞኒተር በቀጥታ ወደዚያ ስኪው፤ ለሌላው ደግሞ ዲስፕሌይሊንክ ያለበት ዶክ ማግኘት ነው። እነሱ ምስሉን የሚልኩት እንደ ዳታ ስለሆነ በተራ ዩኤስቢም ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ። ባለ 4ኬ ሞኒተር ሰካሁ፣ ኡቡንቱ ወዲያው አወቀው፤ ግን ማውሱ እየዘገየ ይንቀሳቀሳል። ላፕቶፑ አቅም አንሶት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይስ ገብተህ «ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን እይ። 30 ከሆነ ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ይታደሳል ማለት ነው፤ ምክንያቱ ያ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ያለው ላፕቶፕ 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ ማስኬድ አይችልም፤ 60 ለማግኘት 2.0 ያስፈልጋል። ላፕቶፕህ ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ ሲ ካለው ከዚያ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄድ ኬብል ግዛ፤ ሞኒተሩም ላፕቶፑም ዲስፕሌይፖርት 1.2 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 4ኬ በ60 ይመጣል። ካልሆነ መጠኑን ወደ 2560 በ1440 አውርደህ 60 ላይ አድርገው። ጽሑፉ ትንሽ ጥራት ይቀንሳል፣ ማውሱ ግን ይፈጥናል።